ከርነሉ ላይ የሚገባው አንድ ስም

በአንድ ወቅት... ኧረ ምን በአንድ ወቅት፣ ባለፈው ክረምት ነው! አዳማ ላይ አንዲት ጠባብ የስልክ ጥገና ቤት ውስጥ ሽመክት፣ ጉዲናና ኢክራም የሚባሉ ሦስት ጓደኛሞች ይሠሩ ነበር። ከአንድ ወረዳ የጤና ሠራተኞች ስልክ በካርቶን ተጭኖ መጣላቸው፤ ሁለት መቶ! ስልኩ ደህና ነው፤ ሶፍትዌሩ አርጅቶ የክትባት መዝገቡን አልከፍት አለ። አምራቹ ደግሞ «ያ ሞዴል ቆሟል» ብሎ ዘግቷል።

«ማንም በነፃ የሚወስደውን ሶፍትዌር፣ ሊኑክስን እንጫንበታ!» አለ ሽመክት። ችግሩ፣ ዕቃውንና ፕሮግራሙን የሚያግባባው የሊኑክስ ከርነል የዚያን ስልክ ቺፕ ጭራሽ አያውቀውም። ካላወቀው ስክሪኑም አይበራ፣ ኔትወርኩም አይሠራ።

ሽመክት አሥረኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ልጅ ነው፤ ግን እልኸኛ! ቺፑ መመሪያ የለው፣ ምን የለው። የራሱ ስልክ ያው ሞዴል ነበር፤ ፈታው። ፀጉር የሚያህል ሽቦ እየበየደ፣ የትኛው የቺፑ እግር ስክሪኑን፣ የትኛው ባትሪውን እንደሚያዝ አንድ በአንድ ደብተር ላይ ጻፈ። ሦስት ወር! ስልኩ ተቃጠለ። «ይቃጠል፤ ደብተሩ ሞልቷል» አለ።

ጉዲና ደብተሩን ተቀበለ። ያገኘው ቁጥር ብቻ ነው እኮ፤ ያን ኮድ አደረገው። ሲጽፍ ሲያጠፋ፣ ሲጽፍ ሲያጠፋ፣ አንድ ከሰዓት ከካርቶኑ ባወጣው ስልክ ጥቁር ስክሪን ላይ የሊኑክስ ምልክት የሆነችው ፔንግዊን ብቅ አለች። «መጣች! መጣች ስላችሁ!» ብሎ ጎረቤት አስደነገጠ።

እነሱ ቤት መሥራቱ ግን አይበቃም፤ ኮዱ ዓለም የሚጋራው ዋናው ከርነል ውስጥ ካልገባ፣ ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ልፋታቸው ሜዳ ላይ ነው። ኢክራም ኮዱን ለከርነሉ ኃላፊዎች በኢሜይል ላከች። መለሱት። «ከፋፍላችሁ አምጡ» አሉ፤ ከፋፈለች። አሁንም መለሱት። ጉዲና ደሙ ፈላ፤ «ስልኩ ይሠራል አይደል እንዴ? ምን ሁኑ ነው የሚሉን!» ብሎ ተወው። እሷ ግን ወይ ፍንክች! ግማሹን ኮድ እንደ አዲስ ጻፈችው። በዘጠነኛው ተቀበሉ።

«ግን የደራሲው መስመር ላይ የሚገባው አንድ ስም ነው» አሏት፤ «ሌሎቹ ከሥር ይጠቀሳሉ። ስሙ የገባበት ኮድ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልደረሰን የሚገባው ከሁለት ወር በኋላ ነው።»

«ከሥር» የሚለውን ሲሰማ የሽመክት ፊት ተለዋወጠ። ዲግሪ የለው፣ ሰርተፊኬት የለው፤ ለቀጣሪ «ይኸው» ብሎ የሚያሳየው ያቺን መስመር ብቻ ነበር።

«ያለኔ ስልኩ ድንጋይ ነበር» አለ።

«ያለኔ ደብተርህ የቆሎ መጠቅለያ ነበር» አለ ጉዲና።

«ያለኔማ ፔንግዊኗ እዚሁ አዳማ ትሞት ነበር!» አለች ኢክራም። መስመሩን ባዶ ትታ ላፕቶፑን መሃላቸው አስቀመጠች። «ሳንስማማ አልልክም።»

አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። የጤና ሠራተኞቹ ስልክ ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ንቅንቅ ያለም የለም። በሉ እናንተ ፍረዱ፤ «ሦስቱም ጎበዝ ናቸው» እንዳትሉኝ፣ ቦታው አንድ ነው፦ የማን ስም ይግባ?