ትንፋሽ ያጠረው ትራክተር

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ድምፄ ትንሽ ነው። ይህን ተረት ለተማሪዎቼ ሳወራ «አንዲት ልጅ ነበረች» ብዬ አልፋለሁ። ዛሬ ልናዘዝ፤ ልጅቷ እኔ ነኝ።

በአርሲ፣ በስንዴው አገር፣ አባቴ ደምሰው አንድ ያረጀ ትራክተር ነበረው። የእኔ ምኞት ትንሽ ነበረች፤ መሪውን ይዤ አንድ ፈር ብቻ ማረስ። ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ትራክተሩ ደግሞ ደከመው። ጠዋት ሲነሳ ደህና ነው፤ የዳገቱ ማሳ ግማሽ ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረውና ይቆማል።

ጎረቤታችን ጋሽ ቶሎሳ አጥር ተደግፈው፣ «ደምሰው፣ ይሄ እንኳን ማረሻ ጥላውንም አይጎትትም!» አሉ።

«ዛሬ ዳገቱን ካልወጣ ነገ ለቆራሌው ነው የምሸጠው!» አለ አባቴ።

ትራክተሩ ከተሸጠ የእኔም ፈር ቀረ። አባቴ ንዴቱን ሊያበርድ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ ወደ ማረሻው ሄድኩ።

«ማረሻ፣ አንድ ፈር እረስልኝ።»

«አላርስም፤ ትራክተሩ መች ጎተተኝ?»

«ትራክተር፣ ጎትት፤ ማረሻ አላርስም አለ።»

«አልጎትትም፤ ሞተሩ መች በረታልኝ?»

«ሞተር፣ በርታ፤ ትራክተር አልጎትትም አለ፣ ማረሻ አላርስም አለ።»

«አልበረታም! ናፍጣ በጠብታ እየተሰጠኝ? ፊልትሮውን ጠይቂ።»

ፊልትሮ ናፍጣውን አጥርቶ የሚያሳልፈው ነው።

«ፊልትሮ፣ አሳልፍ፤ ሞተር አልበረታም አለ፣ ትራክተር አልጎትትም አለ፣ ማረሻ አላርስም አለ።»

«ምኑን ላሳልፍ? አባትሽ ትናንት ነው በአዲስነቴ የገጠመኝ፤ ስሜን አታጥፊ። የማይለቀው የናፍጣው ታንከር ነው።»

«ታንከር፣ ልቀቅ፤ ፊልትሮ አላሳልፍም አለ፣ ሞተር አልበረታም አለ፣ ትራክተር አልጎትትም አለ፣ ማረሻ አላርስም አለ።»

«ታፍኜ እንዴት ልልቀቅ? ከላይ አየር ካልገባ ከታች ናፍጣ አይወጣም። የክዳኔን ቀዳዳ ፌስታሉ ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል!»

እውነቱን ነው። አምና ዝናብ ገብቶበት ስለነበር አባቴ ክዳኑን በፌስታል ጠቅልሎ በጎማ ቁራጭ ጠፍሮታል። የአባቴን ቋጠሮ ደግሞ ያለ ፈቃዱ የሚነካ በቤታችን የለም።

«ፌስታል፣ ተፈታ፤ ታንከር አልለቅም አለ፣ ፊልትሮ አላሳልፍም አለ፣ ሞተር አልበረታም አለ፣ ትራክተር አልጎትትም አለ፣ ማረሻ አላርስም አለ።»

«አልፈታም። ያሰረኝ አባትሽ ነው፤ አፍሽን ከፍተሽ ንገሪው።»

ወደ አባቴ ሄድኩ፤ ተመለስኩ፤ ደግሞ ሄድኩ።

«አባዬ፣ ፍታው፤ ፌስታል አልፈታም አለ፣ ታንከር አልለቅም አለ፣ ፊልትሮ አላሳልፍም አለ፣ ሞተር አልበረታም አለ፣ ትራክተር አልጎትትም አለ፣ ማረሻ አላርስም አለ።»

«አልፈታም፤ ዝናብ ይገባበታል። ደግሞ ልብስ ስፌት የተማርሽ ልጅ በሞተር ምን አገባሽ?»

መሬት መሬት እያየሁ፣ «ልብስ ስፌት አልተማርኩም፣ አባዬ። ከተማ ስትልከኝ የተመዘገብኩት ሞተር ጥገና ክፍል ነው። እስከ ዛሬ መናገር አፍሬ ነው። ሲዘንብ ክዳኑ ላይ ጣሳ እንደፋበታለን» አልኩት። ቀጥዬም ዓይኔን ጨፍኜ፣ «አንድ ፈርም ማረስ እፈልጋለሁ።»

አባቴ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ አየኝ።

«ለካ ለዚህ ነው አንዲት ኮት እንኳን ሳትሰፊልኝ የቀረሽው!»

ጋሽ ቶሎሳ በሳቅ አጥሩን ነቀነቁት። አባቴም ሳቀ። «በይ ፍቺውና መሪውን ያዢ።»

አባቴ እሺ አለ፣ ፌስታል ተፈታ፣ ታንከር ፉት ብሎ አየር ሳበና ለቀቀ፣ ፊልትሮ አሳለፈ፣ ሞተር በረታ፣ ትራክተር ጎተተ፣ ማረሻ አረሰ፤ እኔም ዳገቱን ወጣሁ!

ጫፍ ደርሼ ዞር ስል አባቴ ባርኔጣውን እያውለበለበ ይጮሃል፤ «ምን ትቆሚያለሽ? አዙሪውና ሁለተኛውን ቀጥይ!»

ተረቴ አለቀ፤ ሳቁ ለእናንተ፣ ማፈሩ ለእኔ።