እግር ያወጣው አጥር

አንድ ቀን አራጌ የሚባል የባቲ ቆላ ገበሬ ማሽላውን ሊያርም ማሳው ቢወርድ፣ የጎረቤቱ የአያ ይመር አጥር አምና በነበረበት የለም። ዘንድሮም ወደ እሱ ማሽላ ገብቶ ቆሟል።

አጥሩ ጃትሮፋ ነው። ከባሕር ማዶ መጣ የሚባለው ይህ ቁጥቋጦ ፍሬው ዘይት ይወጣዋል፤ ቅጠሉን ግን ፍየል እንኳ አትነካውም፤ ፍየል የናቀችውን ነገር እንግዲህ አስቡት። ደግሞ ቅርንጫፉን ቆርጠው መሬት ላይ ቢሰኩት ይጸድቃል። አያ ይመር ይቺን አሳምሮ ያውቃል። ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ አራጌ ማሳ ገባ አድርጎ አዲስ ይሰካል፣ ከኋላ የቀረውን አሮጌውን ነቅሎ ይጥላል። ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረበትም። አምና የአራጌ ላም ገመዷን በጥሳ ማሳው ብትገባ፣ ካሳው በማሽላ እስኪሰፈርለት ድረስ አስሮ ወተቷን ሲጠጣ የከረመ ሰው ነው።

አራጌ ማሳው ጠቦ ጠቦ የልጆቹን ቀለብ አልችል ሲለው ሽማግሌ ሰበሰበ። አያ ይመር ጋቢውን አጣፍቶ ቀረበና ሽምጥጥ አድርጎ ካደ። ይሄ የውጭ አገር ዘር ነው፣ ጠባዩን እናንተ አታውቁትም፣ የተማረ ሰው ነው የነገረኝ፣ ሥሩን እየሳበ በራሱ ይሄዳል ብሎ ማለ። ሲተክል ያየው ሰው ደግሞ የለም። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ሼህ ሙሄ ቸገራቸውና ወደ አራጌ ዞረው ምን ትላለህ አሉት።

«እኔማ አምኛቸዋለሁ፤ አያ ይመር በሐሰት አይምሉም» አለ አራጌ። «ግን አባቶቼ፣ በራሱ የሚሄድ ከሆነ ይሄ ነገር ከብት ነው እንጂ አጥር አይደለም። ሰው ማሳ የገባ ከብት ምን እንደሚደረግ ደግሞ አምና ራሳቸው አስተምረውኛል። ይዤዋለሁ። መጥተው እስኪነዱት ድረስ ፍሬውም ዘይቱም የኔ ነው። ሊወስዱት ሲመጡም የረገጠብኝን ማሽላ ሰፍረውልኝ ነው።»

ሼህ ሙሄ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ሌሎቹ ግን አልቻሉም። አያ ይመር የተከልኩት እኔ ነኝ እንዳይል ምሏል፣ ዝም እንዳይል አጥሩ ሊቀርበት ነው። ፍርዱ በዚያው ጸና።

በማግስቱ አያ ይመር ማሽላውን ሰፍሮ፣ አጥሩን በዶማ እየነቀለ ወደ ድሮው ቦታ ሲመልስ አራጌ ጅራፍ ይዞ መጣ።

«አያ ይመር» አለ፣ «በዶማ ከሚደክሙ በዚህ ቢነዱት አይሻልም?»