ከገደሉ ማዶ የመጣ ልመና

«አንድ ሽማግሌ ነበረ» አሉ አያ ልመንህ። ያልጋነሽ ጥያቄዋን ገና መጨረሷ ነው። ሩቅ አገር ያለችው እናቷ በስልክ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ትላታለች፤ ጎረቤት ግን ከአልጋ አትወርድም ብሎ ነግሯታል። ከዚህ ሆኜ ምን ላድርግላት ነው ያለችው።

«ቤቱ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ጠዋት ድንጋይ ብትለቂበት ለምሳ ነው መሬት የሚደርሰው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሽማግሌው ከመደቡ መነሣት ተወ። ‹ከእንግዲህ እኔን ማን ይፈልገኛል› እያለ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ጎረቤት ያስቀመጠለት ምሳ ለእራት ይቆየዋል። ከመክሳቱ የተነሣ ቁንጫዎቹ እንኳ ተስፋ ቆርጠው ቤቱን ለቀቁ።

ዘመዶቹ ከገደሉ ማዶ ናቸው፤ ለዐይን ቅርብ፣ ለእግር የአንድ ቀን መንገድ። በየጠዋቱ ‹ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?› ብለው ይጣራሉ። ‹ደህና!› ይላል ከተኛበት። ድምፁ የጎተራ ክዳን ያነሣል፤ ሰምተው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ።

የወንድሙን ልጅ ግን ነገሩ ከነከናት። ‹ድምፁን እንሰማለን፤ ቁመናውን ያየ አለ?› አለች። በማግስቱ እንዴት አደሩ አላለችም።

‹ጋሼ፣ ዝንጀሮ ገብሳችንን ፈጀው። ከእርሻችን ሥር ባለው ገደል ነው የሚወጣው፤ እኛ ከላይ ሆነን አይታየንም። ከእርስዎ ደጅ ግን ፊት ለፊት ነው። ይዩልን።›

‹ከዚህ አይታየኝም› አለ ከመደቡ።

‹ተኝቶ ዝንጀሮ የሚጠብቅ ማን አለ? ይውጡ እንጂ።›

እያጉረመረመ ግድግዳውን ተደግፎ ወጣ። ከበሩ እስከ አፋፉ ዐሥር እርምጃ ነው፤ ከነዕረፍቱ ግማሽ ቀን ፈጀበት። ቢያይ ዝንጀሮዎቹ ተሰልፈው ይወጣሉ። አለቃቸው ማጭድ ይዞ ነበር ብል ታምኚኛለሽ? ‹መጡባችሁ!› ብሎ ጮኸ። ማዶዎቹ በወንጭፍ መለሷቸው፤ ገብሱ ተረፈ።

ከዚያ ወዲያ ሳይጠሩት ይወጣል። በወሩ ምርኩዙ መደገፊያ መሆኑ ቀርቶ የዝንጀሮ ማስፈራሪያ ሆነ። ምሳውም ለእራት መቆየት ተወ። አንድ ጠዋት ወገቡን ይዞት ቢቀር፣ ማዶዎቹ ድምፁን ሲያጡ ጎረቤቶቹን ተጣርተው ፀሐይ ሳትሞቅ ደጁ አደረሷቸው።»

አያ ልመንህ ወደ ያልጋነሽ ዞሩ።

«አንቺም ልጄ፣ ገደል ማዶ ነሽ፤ ስልክሽ ያ ጩኸት ነው። ደህና ነሽ ወይ ትያለሽ፣ ደህና ነኝ ተብለሽ ትዘጊያለሽ። ነገ ስትደውይ፣ ካልተነሣች የማታየውን ነገር እንድታይልሽ ለምኛት።»

«ከአንድ የሎሚ ዛፍ በቀር ምን አላት ብለው ነው?»

«በይ እንግዲህ፣ እኔ ያ ሎሚ ያብብ አያብብ ሳላውቅ እህል አልቀምስም። አንድ ሽማግሌ ጾሙን ይጠብቃል በያት።»