አገልግል ስሙን ያገኘው እንዴት ነው

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ የሚያንቀላፋ ካለ ወደ በሩ ይጠጋ፣ ነፋስ ይቀስቅሰው።

ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን አንጓች የምትባል ስፌት አዋቂ ነበረች። ከሰፋቻቸው ሁሉ ትንሹ፣ ክዳን ያለው ስፌት፣ ስም አልነበረውም። ስም ባይኖረውም መልክ ነበረው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀይና አረንጓዴ ቀለሙን ማሳየት ነበር ሥራው፤ ሌላ ሥራም አልፈለገም።

አንድ ቀን ከወንዝ ማዶ ያለችው ልጇ ስንዱ ወለደች፣ ቤቷም የሚቀመስ የለም የሚል ወሬ መጣ። አንጓች ባሏን ጓንጉልን ምግብ አስይዛ ልትልከው ተነሣች።

መጀመሪያ መሶብ እኔ ልሂድ አለ። ሜዳው ላይ ነፋስ ክዳኑን ወሰደበት፤ እንጀራው ደርቆ ተሰባበረ። በማግስቱ ማሰሮ እኔ ልሂድ አለ። ወንዙ መሻገሪያ ላይ ጓንጉልን ድንጋይ አዳለጠውና ማሰሮው ተሰበረ፤ ወጡን ዓሣ በላው። አራሷ ሁለት ቀን በባዶ ሆዷ አደረች።

በሦስተኛው ቀን ጥግ ላይ ተጣጥፎ የተቀመጠው የፍየል ቆዳ ትንሹን ስፌት ጠራው።

«እኔ ብቻዬን ብሄድ እጨማደዳለሁ፤ አንተ ብቻህን ብትሄድ ውሃ ይገባብሃል። ላልብስህና አብረን እንሂድ» አለው።

«ቀለሜስ?»

«ይሸፈናል።»

«መቼ ይገለጣል?»

የመለሰው ወስፌ ነው፤ ወስፌ ነገር አያስረዝምም። «እኔ የሰፋሁት አይፈታም» አለ።

ስፌቱ አለቀሰ። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ አለቀሰ። ግን የተሰፋበትን አክርማ ከሜዳ የነጨችው ስንዱ ነበረች፤ እሷ ስትራብ ተሰቅሎ መታየቱ አስጠላው።

«ስፋኝ» አለ።

አንጓች ቆዳውን ዙሪያውን ሰፋችበት፣ ጠፍር አበጀችለት፣ ፍትፍት ሞላችውና «በል፣ ሂድና አገልግል» አለችው። ነፋስ ክዳኑን ታገለው፤ ጠፍሩ አልለቅ አለ። ወንዙ ልግባ አለ፤ ቆዳው አላስገባ አለ። ጓንጉል እንደ ልማዱ ወደቀ፤ ዕቃው ተንከባለለ እንጂ አልተሰበረም።

ስንዱ በላች። ፍትፍቱ ሲያልቅ ከሥሩ ቀዩና አረንጓዴው ብቅ አለ።

«ይህን አክርማ እኮ የነጨሁት እኔ ነኝ» አለች፤ አራስ ልጇንም አቅፋ አሳየችው።

ስሙ በዚያው አገልግል ሆኖ ቀረ። ተረቴን እዚህ ላይ ከደንኩት። መሶብን የጠገበም ያየዋል፤ የአገልግልን ቀለም የሚያየው ግን ርቦት የበላ ሰው ነው።