የእንድሪስ መራቂ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ጊዜ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ንዴቱ ከእግሩ የሚቀድም ኳስ ተጫዋች ነበረ። ስሙ እንድሪስ ይመር ነው። በግራ እግሩ ሲመታ ኳሷ የምትሄድበትን ታውቃለች ይባልለታል። ሲናደድ ግን የሚሄድበትን እሱ ራሱ አያውቅም። ዳኛ ይገፋል፣ ጓደኛውን ይሳደባል፣ መለያውን አውልቆ መሬት ይጥላል።

ይህን ንዴት የሚያበርድ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አባቱ ጋሽ ይመር። ጫማ ሰፊ ናቸው። ልጃቸው ሜዳ ከመግባቱ በፊት የያዙትን ወስፌ አስቀምጠው፣ እህም ብለው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «አላህ ግራህን ያቅናልህ፣ ልብህን ያብርድልህ» ይሉታል። እሱም «አሚን» ይላል። በቃ። ያን ቀን ቢረግጡትም ተነሥቶ ይስቃል።

ሞሮኮ ሄዶ ለአንድ ክለብ ሲፈርምም ይህ ነገር አልቀረም። በጨዋታው ቀን ዙዙ ለሚላት ለሚስቱ ለዘምዘም ይደውላል፣ እሷ ስልኩን ለአማቷ ታቀብላለች፣ ይመረቃል፣ ይገባል። እሱ ሲሄድ ዘምዘም እርጉዝ ነበረች። ልጅቱ ኢክራም ተወልዳ፣ ድዷን እያሳየች መሳቅ ጀምራ፣ አባቷ ገና አላቀፋትም። «ክረምት ሲገባ እመጣለሁ» ብሏል። ዘምዘም በዚህች ቃል ነበር የምትኖረው።

አንድ ቀን ጋሽ ይመር ሱቃቸው ደጃፍ እንደተቀመጡ ወደ ጎን ዘንበል አሉ። እንቅልፍ የወሰዳቸው የመሰለው ሰው ሊቀሰቅሳቸው ቢሄድ አልነቁም። በዚያው ቀን ተቀበሩ።

ከቀብር መልስ «ለእንድሪስ ማን ይንገረው?» ተባለ።

ታላቅ ወንድሙ ሙሄ ተነሣ። ሙሄ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው። «መርዶ በስልክ አይነገርም» አለ። «እዚያ ማን አለው? ማን ይዞት ያለቅሳል? ክረምት ሲመጣ ሰው ሰብስበን እናረዳዋለን። እስከዚያ ትንፍሽ የሚል ሰው ጠቡ ከኔ ጋር ነው!»

ወግ ነውና ማንም አልተቃወመም። ሰፈሩ አፉን ያዘ። ዘምዘምም አንገቷን ደፍታ «እሺ» አለች። እሺ ስትል ግን የጨዋታ ቀን እንዳለ ረስታው ነበር። ሁሉም ረስቶታል።

ቀኑ ደረሰና ስልኩ ጮኸ።

«ዙዙ፣ ቶሎ አባዬን ስጪኝ፣ ልገባ ነው።»

«አባዬ... አባዬማ...»

ሙሄ ስልኩን ከእጇ ወሰደ። እህም አለ። «አላህ ግራህን ያቅናልህ፣ ልብህን ያብርድልህ።»

ቁርጥ የሟቹን ድምፅ። ሙሄ ድሮም ድምፁ የአባቱ ነው። እናቱ፣ አላህ ይርሐማትና፣ በሕይወት ሳለች ልጁ ከጓዳ ሆኖ «ሻይ!» ሲል ባሏ መስሏት ትቀዳ ነበር። ያኔ ተሳቀበት። አሁን ግን ዘምዘም ወደ ኋላዋ አፈገፈገች።

«አሚን!» አለ እንድሪስ ከዚያ ማዶ። ያን ቀን ሁለት ጎል አገባ። ዘምዘም ደግሞ ጡቷን ለልጅቱ ብትሰጥ ወተቱ አልወርድ አላት።

ከዚያ ወዲያ እንዲህ ሆነ። ሙሄ ቤት ሲኖር እንድሪስ ይመረቃል፣ እንደ ንፋስ ይጫወታል፣ የዚያ አገር ሰው ስሙን እየጠራ ይዘፍንለታል። ሙሄ ጭነት ይዞ ሚሌን ሲያልፍ ግን ኔትወርክ ይጠፋል። ዘምዘም ብቻዋን ስልኩን ታነሣለች። «አባዬ ተኝተዋል።» «አባዬ መስጂድ ናቸው።» «ዛሬ ጆሯቸውን ይዟቸዋል።» እንድሪስ ሳይመረቅ ይገባል። አንድ ቀን ዳኛ ገፍቶ በቀይ ወጣ። ሌላ ቀን ሲቀይሩት መለያውን አሰልጣኙ እግር ላይ ወረወረው። የልብስ መቀየሪያውን በር በርግጫ ሰበረ፣ በማግስቱም ልምምድ ቀረ። ሬዲዮኑ «ተሰጥኦ አለው፣ ሥነ ምግባር የለውም» አለ። ዘምዘም ይህን ስትሰማ ሬዲዮኑን ትዘጋለች። ጥፋቱ የእሱ ነው? የእሷ ነው? የማን ነው? ስልክ በጮኸ ቁጥር፣ የጎረቤት ስልክም ቢሆን፣ ልጅቱን ጭምቅ አድርጋ ትይዛለች።

ኳስ ማሳያ ቤት የሚሰበሰቡ ወጣቶች ግን ቀልድ አገኙ።

«ዛሬ የትኛው እንድሪስ ነው የሚጫወተው? መልአኩ ነው ጅኑ?»

«የሙሄን መኪና እዩ! በር ላይ ቆሞ ከሆነ ጎል አለ።»

ሁሉም ሳቀ። ጥግ ላይ ተቀምጠው ያልሳቁ አንድ ሰው ነበሩ። እኒያ ኮች ጌጤነህ ናቸው። እንድሪስን በልጅነቱ ቦርከና ዳር በአቧራው ሜዳ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ተነሥተው በቀጥታ ዘምዘም ቤት መጡ።

«ልጄ፣ ክለቡ ሊያባርረው ነው» አሏት። «የበሽታውን ምንጭ የማያውቅ ሰው እየፈረደበት ነው።»

«ይነገረው ነው የሚሉኝ፣ ኮች?»

«ለሱማ አልልም፤ ወግ አላፈርስም። ለአለቆቹ ነው።»

ከሳዑዲ የተመለሰች የጎረቤት ልጅ አስጠሩ።

«የማውቀው የወጥ ቤት ዐረብኛ ነው» አለች ልጅቱ።

«ምነው፣ በወጥ ቤት ዐረብኛ ሞት የለም?»

«ሞትማ የትም አለ» አለችና ደወለች። የክለቡ ሰው ሰምቶ ለአለቆቹ ነገረ። ከዚያ ቅጣቱን ሁሉ አነሡለት። ለእሱ ትንፍሽ እንደማይሉም ቃል ገቡ፣ ቃላቸውንም ጠበቁ። እንድሪስ ሳይባረር ቀረ።

ግን አፍ ዝም ቢል ዓይን ዝም አይልም። ምግብ ሊበላ ሲገባ ወሬው ይቆማል። ቢያጠፋም የሚቆጣው የለም። «ዙዙ፣ እዚህ ሰው ሁሉ እንደ ሬሳ ነው የሚያየኝ» አላት በስልክ። «ሊያባርሩኝ ነው መሰለኝ፣ ፈርተው ነው የማይነግሩኝ።» ዘምዘም «አብሽር፣ አይዞህ» ብቻ አለችው። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ የቡድኑ አምበል ትከሻውን ነካ አድርጎ «በርታ» አለው።

«ምን ሆኜ ነው የምበረታው?» አለና አምበሉን ጥርሱ ላይ መታው። ሰውየው ደሙን እየጠረገ ምክንያቱን ሳይናገር ሄደ።

ክለቡም አንድ የመጨረሻ ጨዋታ ሰጠው። በዚያ ካጠፋ ተሰናብቷል።

በዚያ ቀን ሙሄ ጭነት አልወስድም ብሎ መኪናውን በር ላይ አቆመ። ኮች ጌጤነህም መጡ። ዘምዘም ልጅቱን አዝላ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ትመላለሳለች። ስልኩ ጮኸ። ሙሄ አነሣ፣ እህም አለ፣ መረቀ።

እንድሪስ ግን «አሚን» ብሎ አልዘጋም።

«አባዬ፣ ደክሞኛል» አለ። «እዚህ የሚወደኝ ሰው የለም። ክረምትን አልጠብቅም። አንቱ ና ካሉኝ ከጨዋታው በኋላ ተነሥቼ እመጣለሁ።»

ሙሄ ስልኩን ከጆሮው አራቀ። ዘምዘምን አያት፣ ኮችን አየ። ከዚያ በአባቱ ድምፅ «አትምጣ» አለ። «አሁንም አትምጣ፣ ክረምትም አትምጣ። እዚያው ጠንክር።»

ዘምዘም ክው አለች። ጋሽ ይመር «ልጄን ሳላይ አልሙት» እያሉ ነው የኖሩት። በሕይወት ሳሉ ያላሉትን ሞተው አሉት!

«ምን ነካህ፣ ሙሄ?» አለች በሹክሹክታ።

ሙሄ ስልኩን በመዳፉ ከደነ። ዓይኑ እንባ አቅሯል። «ሲመጣ በየትኛው ዓይኔ አየዋለሁ፣ ዘምዘም?»

እሷ ስልኩን ነጠቀችው።

«ተይ ልጄ!» አሉ ኮች። «ሜዳ ሊገባ ነው! ጨዋታው ይለቅ! ከዚያ ትነግሪዋለሽ!»

«እንድሪስ» አለች። «አባዬ የሉም። ከሞቱ ቆይተዋል። ሲመርቅህ የነበረው ሙሄ ነው። አትምጣ ያለህም እሱ ነው፤ አባዬ አላሉም።»

ከማዶ የታኬታ ኮቴ ብቻ ተሰማት፤ ሲራመድ፣ ሲራመድ፣ ከዚያ ተቋረጠ።

ኳስ ማሳያ ቤት ያዩት እንደሚሉት፣ እንድሪስ ገብቶ ተጫወተ። ሲረግጡት ዝም፣ ሲሰድቡት ዝም። ያለ ምርቃት ሳይቆጣ ያዩት ያን ቀን ብቻ ነው። ከእረፍት በኋላ ግን ኳሷን ከእግሩ ሥር አንሥቶ ለዳኛው አቀበለና፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ በአሰልጣኙ አጠገብ አልፎ ከሜዳ ወጣ። በማግስቱ ለክለቡ ሳይናገር ተሳፈረ።

ሊነጋጋ ሲል ደረሰ። ድንኳኑ እንደገና ተተከለ። ቢያውቅም እንደ አዲስ አረዱት፣ ሰውም ይዞት አለቀሰ። ለቅሶው ሲበርድለት ዘምዘም ኢክራምን ክንዱ ላይ አስቀመጠችለት። ልጅቱ ጺሙን ይዛ ጎተተችው።

ከዚያ ከሞሮኮ ወሬ መጣ። ጥርሱን የተመታው አምበል ራሱ ለምኖለታል። ይመለስ፣ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ይጫወት ተባለ።

የሚሄድበት ቀን እንድሪስ ሦስቱን፣ ሙሄን፣ ኮችንና ዘምዘምን፣ አስቀመጣቸው። ጎረቤትም እንደ ወጉ በሩ ላይ ቆሟል።

«ካልተመረቅሁ እንደማልሆን ታውቁታላችሁ» አለ። «ያን ቀን ዝም ያልኩት ሐዘን ይዞኝ ነው፣ ሁልጊዜ አይዘኝም። ከእንግዲህ ከጨዋታ በፊት የምደውለው ለአንድ ሰው ነው። ሁለት አባት የለም። ማን ይሁን?»

ሙሄ ቀደመ። «አባት ሲሞት ታላቅ ነው አባት። ዋሽቻለሁ። ግን ስመርቅህ አንድም ቀን ከአንገት በላይ መርቄህ አላውቅም። ድምፄንም አላህ ነው የሰጠኝ፣ አልሰረቅሁትም።»

«አባቴ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ጎል አግብቼ ጨፈርኩ፣ ሙሄ» አለ እንድሪስ።

ኮች ጌጤነህ ቀጠሉ። «እኔ ባልደውል ኖሮ ዛሬ የምትመለስበት ክለብ አይኖርህም። ወግህንም ሥራህንም ጠብቄልሃለሁ።»

«ልክ ነዎት። እርስዎ ባይደውሉ ግን የዚያን ሰውዬ ጥርስ ባላወለቅሁ። ከኔ በቀር ሁሉም ሰው ሐዘኔን ያውቅ ነበር።»

ዘምዘም ተራዋ ሲደርስ በር ላይ ከቆሙት ሴቶች አንዷ ሳቀች። «ኧረ በአላህ! ሚስት ባሏን ስትመርቅ የት ታይቷል? ምርቃት ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው!»

«እውነቷን ነው» አለች ዘምዘም። ፊቷ ቀልቷል። «እኔ ምርቃት አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ነው የማውቀው፤ ዋሽቼህ ነበር፣ ከእንግዲህ ግን እኔ የነገርሁህን ነገር ሌላ ሰው እስኪያረጋግጥልህ አትጠብቅም።»

እንድሪስ ወደ እሷ ዞረ። «የነገርሽኝ ብቻዬን ሳለሁ ነው፣ ዙዙ። የልብስ መስቀያውን ይዤ ነው ያለቀስኩት።»

እሷም አንገቷን ደፋች።

ወደ አየር ማረፊያ የሚወስደው ባጃጅ ውጭ ክላክስ አደረገ፤ ደገመ። ባለባጃጁ «ኧረ ወንድሜ፣ አውሮፕላን እኮ እንደኔ አይጠብቅም!» ብሎ ጮኸ። እንድሪስ ሻንጣውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሦስቱን በየተራ አየ። ሙሄ ጉሮሮውን ሊጠርግ ብሎ ደንግጦ ተወው። ኮች መሬት መሬት ያያሉ። ዘምዘም ልጅቱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች፤ ስሟ ቢጠራ እንዴት እንደምትመርቅ አታውቅም፣ ባይጠራ ደግሞ ከዚህ በኋላ ማን ምን እንደሚነግረው አታውቅም።

ኮምቦልቻ እስከ ዛሬ በዚህ ይከራከራል። ሾፌሮች ለሙሄ ይፈርዳሉ፣ ኳስ ወዳዱ ለኮች፣ የሚያጠቡ እናቶች ለዘምዘም፤ እነሱም ቢሆኑ ግማሾቹ ያመነታሉ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ እንድሪስ ታኬታውን አስሮ፣ ሜዳው እየጮኸ፣ ስልኩን ሲያነሣ ለማን ይደውል?