አንጓች የምታስቀረው ብስክሌት

በአንድ ወቅት፣ ትልቅ ትንሹ በብስክሌት በሚሄድባት ባሕር ዳር፣ አንጓች የምትባል አዋላጅ ነበረች። ግራ እግሯ በልጅነት ሕመም አጥሯል። በሠላሳ ስምንት ዓመቷ «ብስክሌት እማራለሁ» ስትል ጎረቤቱ ሳቀ፤ ታናሽ ወንድሟ ይርጋ ግን አልሳቀም። የራሱን አሮጌ ብስክሌት ሰጣት። ሁለት ወር ሙሉ፣ ከሥራ መልስ፣ ኮርቻውን ይዞ እያለከለከ ከጎኗ ሮጠ። አንድ ቀን ዞር ብላ ብታይ ይርጋ ከሩቅ ቆሟል፤ ለካ ብቻዋን ነው የምትነዳው! እልል አለች።

በሳምንቱ ቁልቁለት ስትወርድ የፊት ጎማውን የያዘው ብረት ለሁለት ተቆረጠ። አስፋልቱ ላይ ተዘረረች፤ ቀኝ ክንዷ ተሰበረ።

ይርጋ ከአጠገቧ አልጠፋም፤ ብረቱን በአዲስ አስቀይሮ ብስክሌቱን ከግድግዳዋ አስደገፈ። የሥራ ባልደረባዋ ውድነሽ ፕላስቲኩ ያልተላጠ አዲስ ብስክሌት እየገፋች መጣች። «ሁለተኛ በሰው ውራጅ አትሰበሪም» አለቻት። ረዝሞባታል እንጂ ጠንካራ ነው፤ ግራ እግሯ ፔዳሉ ላይ የሚደርሰው በጣቷ ጫፍ ነው። ብየዳ ቤት ያላቸው ጋሽ ስማቸው ደግሞ እግሮቿን በሲባጎ ለክተው ሄዱ። ክንዷ ሲድን፣ ኮርቻው ዝቅ ያለ፣ ግራው ፔዳል ወፍራም መርገጫ የተደረበበት ብስክሌት ሠርተው አመጡላት። ወጣችበት፤ አብሯት የተወለደ መሰላት።

«ለካስ ሰው አለኝ!» ብላ አለቀሰች። ከዚያ እንዲያው ለወሬ ያህል ጠየቀች፦ «ጋሽ ስማቸው፣ ያ ብረት ግን ምን ነክቶት ተቆረጠ?»

«ተሰንጥቋል፣ ብየዳም አይይዘውም ብዬ ለይርጋ ብስክሌቱን ገና ሳይሰጥሽ ነግሬው...» ቃሉ ካመለጣቸው በኋላ አንገታቸውን ደፉ።

«ለእኔስ?»

«አደራ አይንገሯት አለኝ። ብነግርሽ አደራ መብላት ሆነብኝ።»

ይርጋን ጠራችው። አልካደም።

«ስንጥቁን ቀለም ቀባሁበት፣ እታለም። ብነግርሽ ትፈሪያለሽ፤ አንዴ ከፈራሽ አትማሪም። እስክትለምጂ ይቆያል ብዬ ነው። ስቀባ ውድነሽም አይታኛለች።»

ውድነሽንም አስጠራቻት። ውድነሽ ዓይኗን ሰበረች። «በእህትና በወንድም መሀል ምን ጥልቅ አደረገኝ አልኩ። የዚያኑ ዕለት ነው አዲስ ልገዛልሽ የቆረጥኩት፤ ገንዘቡን ሳጠራቅም መውደቅሽ ቀደመኝ።»

አንጓች ክንዷ በተሰበረ ዕለት እንኳ እንደዚያ አልታመመችም። ሐኪም ቤት በአልጋዋ ዙሪያ ቆመው «እግዜር ይማርሽ» ሲሏት ሦስቱም ያውቁ ነበር። አንዳቸው ትንፍሽ አላሉም። ስታመሰግናቸው ምስጋናዋን ተቀብለዋል።

«ሁለቱን ብስክሌት ውሰዱልኝ» አለች በመጨረሻ። «አንዱን አስቀራለሁ። የእሱ ሰጪ ደጄን ይረግጣል፤ የቀራችሁት ግን በቃችሁኝ።»

እንግዲህ ፍረዱ። ቀለም ቀብቶ የሸሸጋት፣ ሮጦ ያስተማራት፣ ተጠይቆም ያልካደው ይርጋ ነው? አይታ ዝም ያለችው፣ ግን ከአደጋው ልታወጣት ስትጣደፍ የተቀደመችው ውድነሽ ናት? ወይስ ስንጥቁን ከማንም በላይ የሚያውቁት፣ ልኳንም ከማንም በላይ ያወቁት ጋሽ ስማቸው? የአንጓችን ደጅ መርገጥ የሚገባው ማን ነው?