ከርከሮና ጃርት በጋራ የገዙት ቤት

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ትልልቆችም ስሙ።

ድሮ፣ ስሙ በጠፋ አንድ አገር፣ ከርከሮና ጃርት ቤት አልነበራቸውም። እሱ በየቁጥቋጦው፣ እሷ በየድንጋዩ ሥር ያድሩ ነበር። ጃርት አርግዛለች። ሜዳ ላይ ብትወልድ ልጆቿን ጅብ እንደሚበላባት ታውቃለች።

ጉድጓድ በመቆፈር የታወቀው አዋልዲጌሳ የሚሸጥ ቤት ነበረው። አርጅቷል፤ ጥፍሩ ደንዟል። «ክረምቱን ሙሉ ኩይሳ እያፈረሳችሁ ምስጥ አብሉኝ፤ ቤቱን ውሰዱ» አላቸው።

አበሉት። ከርከሮ በክራንቻው ፈነቀለ፤ ጃርት ሆዷ እየገፋ ቆፈረች። እኩል ለፉ። ቤቱ የሁለቱ ሆነ።

በገቡበት ቀን ከርከሮ፣ «እህቴ፣ የጋራ ነገር ያጣላል። እንካፈል፤ እኔ ደጁን፣ አንቺ ጓዳውን» አለ።

ጓዳው ይሞቃል፤ ለአራስ ይመቻል። ጃርት «እሺ» አለች። ከርከሮም መሬቱን በክራንቻው ጭሮ ወሰን አበጀ።

ራት ፍለጋ ልትወጣ ስትል መንገዱን ዘጋባት።

«ወዴት ነው?»

«ሥር ልቆፍር።»

«በእኔ ድርሻ ላይ ነው የምታልፊው። ከምታመጪው ግማሹ የእኔ ነው።»

«ደጅ የሌለው ቤት ነው እንዴ የገዛሁት?»

«ተካፍለናል እኮ! ድርሻ ድርሻ ነው። ከከበደሽ ቤቱን ልቀቂ።»

በሰው ደጅ ያደገ ይህን «ልቀቂ» የሚል ቃል ያውቀዋል።

ጃርት አልለቀቀችም። አልከፈለችምም። ጀርባዋን ወደ ደጁ አዙራ ወሰኑ ላይ ተኛች።

«ይርብሻል!» አላት።

«ልራብ።»

«ትሞቻለሽ!»

«በቤቴ ልሙት። አንተን ምን አገባህ?»

በማግስቱ ከርከሮ ከደጁ ሳይርቅ ሳር ሲግጥ አንበሳ መጣበት። ሮጠ። ከርከሮ ቤቱ የሚገባው በመቀመጫው በኩል ነው፤ ክራንቻው ወደ ውጭ እንዲሆን። ድርሻው ግን አጭር ናት፤ ግማሽ አካሉ ውጭ ቀረ። ወደ ኋላ ገፋ። የጃርት እሾህ ተቀበለው።

«ዋይ መቀመጫዬን! እህቴ፣ ጠጋ በይ!»

«ወዴት ልጠጋ? ያለሁት በድርሻዬ ነው።»

«አንበሳ ነው እኮ!»

«ድርሻ ድርሻ ነው፣ ወንድሜ።»

አንበሳው መዳፉን አነሳ።

«ደጁ የጋራ ይሁን!» ብሎ ጮኸ ከርከሮ።

«ጓዳውስ?»

«ጓዳውም!»

«ምስክር አለህ?»

«ይኸው አንበሳው ይመስክር! ብቻ አስገቢኝ!»

ጃርት እሾኋን አጠፈች። ከርከሮ ተንሸራቶ ገባ፤ ክራንቻው ደጁን ሞላው። አንበሳው አፍንጫውን ተወግቶ ተመለሰ።

ጃርት ወሰኑን በእግሯ ደመሰሰች። ከዚያ ራት ፍለጋ ወጣች፤ ፈቃድ አልጠየቀችም። ከርከሮ ሊናገር ጉሮሮውን ጠረገ። ዞር ብላ አየችው። ፈቀቅ አለላት።

ልጆቿንም እዚያው ጓዳ ወለደች፤ ሲያድጉ በዚያው ደጅ እየተንጋጉ ወጡ፤ እየተንጋጉ ገቡ።

እናንተም አንድ ቀን ከሰው ጋር ቤት ትገዙ ይሆናል። ይህን ያዙ፦

ደጁን የእኔ ያለ፣ ከጓዳው ተከለከለ።